የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስንቃቸውን እኛ ዘንድ የሚቋጥሩ ወፎች

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ተሰዳጅ ወፎች ናቸው። ከቡራዩ፣ ከአቃቂ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታና ከገላን ደርሰውናል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንበል። የአዲስ አበባ ዳርቻ ለእነዚህ ወፎች ብርድ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ ለመልሱ ጉዞ ስንቅ የሚቋጥሩበት ቦታ ነው። በመልሶቻችን ውስጥ ይህ ጉዳይ ተደጋግሞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ከቡራዩ፦ የመስቀል ወፍ ከመስከረም ውጪ የት ነው የሚሄደው? አያቴ «ባሕር ማዶ ከርሞ ይመጣል» ይሉ ነበር። እውነት ነው?

የትም አይሄድም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። በከተማው ዙሪያ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ድንቢጥ ለሚያካክሉት፣ ላባቸው ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለሆነ ወንዶች፣ እንዲሁም ጥቁር ጅራቱ ከገላው ለሚረዝመው ትንሽ ወፍ ነው። እነዚህ ወንዶች በበጋ ልክ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ናቸው፤ ከሌላው የድንቢጥ መንጋ ለይቶ የሚያያቸው የለም። ዝናቡ ሣሩን አሳድጎ ፍሬ ሲይዝ የመራቢያ ጊዜያቸው ይደርስና ላባቸውን ይቀይራሉ። አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን ደምቀው ብቅ ሲሉ ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ እንጂ ልብሱን እንደቀየረ ጎረቤት ናቸው።

በእርግጥ በዚያው ሰሞን ከሩቅ የሚመጣ አለ፤ ግን ማንም ልብ አይለውም። በመስከረም መጨረሻ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብለው የላሟን ኮቴ ይመልከቱ። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ፣ ሆዷ ቢጫ፣ እግሯ ቀጭን፣ ጅራቷን ላይ ታች የምትነቀንቅ ወፍ ትሮጣለች። ላሟ ስትራመድ ፌንጣና ዝንብ ከሣሩ ይነሳል፤ ወፏ የተነሳውን ትቀልባለች። ብዙ ጊዜ ክብደቷ 20 ግራም እንኳ አይሞላም። የመጣችው ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ አካባቢ ሜዳዎች ነው፤ እስከ ሚያዝያ ትቆያለች። ስለዚህ ሜዳው በከብት መጋጡ አይጎዳትም፣ እንዲያውም ይጠቅማታል። የሚጎዳት ሜዳው ታርሶ ወይም ታጥሮ ሲቀር ነው።

ከአቃቂ፦ እርሻዬ ከአባ ሳሙኤል ግድብ አጠገብ ነው። ኅዳር ላይ አንገታቸው ረጅም፣ ግራጫ ወፎች በመንጋ መጥተው ማሳዬ ላይ ያርፋሉ። ከየት ነው የሚመጡት? ሰብል ያበላሻሉ ይባላል፤ መድኃኒት እንርጭ የሚሉም አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ክሬን የሚባሉት ወፎች ናቸው። ቁመታቸው ከ1 ሜትር በላይ ነው፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ያልፋል፤ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናሉ። ከሽመላ የሚለዩት በአንገታቸው ነው። ጉሮሯቸው ጥቁር ሆኖ ከዓይናቸው ጀርባ የሚነሳ ነጭ መስመር በአንገታቸው ጎን ይወርዳል። አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለች፤ እሷን ለማየት ግን ቀረብ ማለት ያስፈልጋል። ድምፃቸው እነሱ ሳይታዩ ከሩቅ ይሰማል።

የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች ነው። በፊንላንድና በኢስቶኒያ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ከርመዋል። ከሄልሲንኪ አዲስ አበባ ቀጥታ ቢለካ ወደ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እነሱ ግን በየመንገዱ እያረፉና እየበሉ ስለሚመጡ ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። መንጋውን ልብ ብለው ካዩት ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ሆነው የማይለያዩ አሉ፤ ቤተሰብ ናቸው። ራሱ ቡናማ የሆነውና ነጩ መስመር ገና ያልወጣለት የዘንድሮ ጫጩት ነው። መንገዱን የሚያውቀው ከወላጆቹ ጋር አንድ ጊዜ በመብረር ነው፤ ስለዚህ እናትና አባቱ እዚህ ቢሞቱበት የሚጠፋው የሁለት ወፍ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚመራውም አብሮ ይጠፋል።

ወደ ሰብሉ እንምጣ። አጨዳ ካለቀ በኋላ የሚለቅሙት ቃርሚያ ነው፦ የረገፈ ስንዴና ሽምብራ፣ ከዚያም ትልና ፌንጣ። ይህ ለገበሬው ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚመጣው ገና ያልተሰበሰበ ነገር ሲያገኙ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ዘግይቶ የተዘራ ሽምብራና ጓያ እነሱ ሲደርሱ ገና እሸት ነው፤ ያንን ይበላሉ፣ ከሚበሉት ይልቅ ደግሞ የሚረግጡት ይበዛል። ማሳ ላይ ያደረ ያልተሸፈነ ክምርንም ይጎትታሉ።

ጥበቃው ቀኑን ሙሉ መሆን የለበትም። ክሬን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ቆሞ ስለሚያድር ጎህ ሲቀድ ተርቦ ነው የሚነሳው። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ጠዋት፣ ከዚያም ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሰው ማሳው ላይ ካለ ይበቃል። ወሳኙ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። መንጋው አንድ ማሳ ላይ ሁለት ቀን ሳይነካ ከበላ ቦታውን ይለምደዋል፤ በሦስተኛው ቀን ማባረር በጣም ይከብዳል። እያዩዋችሁ በእግር መቅረብና ጅራፍ ማጮህ በቂ ነው። በወንጭፍ ድንጋይ አትወርውሩ፤ ክንፉ የተሰበረ ክሬን አይድንም፣ ለጅብ ነው የሚተርፈው። ፌስታል ወይም ሰው መሳይ ማስፈራሪያ የምታቆሙ ከሆነ በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ቦታውን ቀይሩት፤ አንድ ቦታ የቆመ ነገር ከሳምንት በኋላ አያስፈራቸውም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ አለ። ከሁሉም ማሳ ከተባረሩ የሚያርፉት መጨረሻ ላይ ያልታጨደው ላይ ነው። ከጎረቤት ገበሬዎች ጋር ተነጋግራችሁ፣ ታጭዶ ያለቀ አንድ ሰፊ ማሳ ሳይገለበጥ እስከ የካቲት እንዲቆይና እዚያ ማንም እንዳያባርራቸው ብታደርጉ፣ ሌላውን ማሳ መጠበቅ በግማሽ ይቀላል። ከእኛ ምክር ሁሉ አብልጠን የምናምንበት ይህኛውን ነው።

መድኃኒቱን ግን ፈጽሞ አታድርጉት። የተመረዘ እህል የበላ ወፍ ማሳው ላይ ብቻ አይሞትም፤ ውሃው ዳር ይወድቃል። እሱን የበላ ውሻ፣ ጥንብ አንሳና ጅብ ይከተላል። ከብቶቻችሁም የሚጠጡት ከዚያው ውሃ ነው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደልን ሕግም ይከለክላል።

ስለ ማደሪያቸው አንድ ቃል እንጨምር። ክሬን የሚያድረው ውሃው ከጉልበቱ በማያልፍበት ጥልቀት፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ፣ ዙሪያው ገላጣ ሆኖ ነው፤ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ የውሃው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። ደለል ሲሞላው፣ እምቦጭ ሲሸፍነው፣ ወይም ለመሬት ተብሎ ሲደፈን ማደሪያው ይጠፋል። ያኔ የቱንም ያህል ቃርሚያ ቢኖር መንጋው አካባቢውን ለቆ ይሄዳል።

ከለገጣፎ፦ የ10 ዓመት ልጄ «ሌሊት እየበረሩ እንዴት መንገድ አይጠፋባቸውም? ምን እየበሉስ በረሃ ይሻገራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በጨለማ መብረራቸው ለብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ጥቅም አለው፦ አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ነው፣ ጭልፊት ተኝቷል፣ ቀኑ ደግሞ ለመብላት ይቀራል።

አቅጣጫ የሚይዙት በአንድ ነገር ብቻ አይደለም። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በከዋክብት፣ ደመና ሲሆን ደግሞ በመሬት ማግኔታዊ ኃይል ይመራሉ። የከዋክብቱን ነገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ስቲቨን ኤምለን በሚያምር ዘዴ አሳየ። ወፏን አፉ ሰፊ በሆነ የወረቀት ፈነል ውስጥ አስቀመጣት፤ ወለሉ ቀለም የጠጣ ነበር። የጉዞ ወቅት ሲደርስ ወፏ መሄድ ወደምትፈልግበት ትዘላለች፤ ቀለም የነካው እግሯ ወረቀቱ ላይ ዱካ ይተዋል። ዱካው የበዛበት ጎን አቅጣጫዋ ነው። ከዚያ ሰው ሠራሽ ሰማይ ሥር ጫጩቶች አሳደገና ሰማዩ በሰሜን ኮከብ ፋንታ በሌላ ኮከብ ዙሪያ እንዲዞር አደረገ። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ያንን ኮከብ ሰሜን አድርገው አቅጣጫቸውን ያዙ። ማለትም ሲወለዱ የኮከብ ካርታ ይዘው አይመጡም፤ ሰማዩ የሚዞርበትን ማዕከል እያዩ ይማሩታል። ልጅዎን በጠራ ሌሊት ውጪ አውጥተው ከዋክብቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ ያሳዩዋት፤ ወፎቹ የሚያጠኑት ያንኑ ነው።

ስንቁን በተመለከተ፣ በረሃው ላይ ምንም ላይበሉ ይችላሉ። የሚበሉት ከመነሳታቸው በፊት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስኳር የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። ስብ ሲቃጠል በራሱ ክብደት ልክ ያህል ውሃም ይወጣዋል፤ ሰሃራን ለሚሻገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሸምበቆ ውስጥ የምትኖር 12 ግራም የምትመዝን ወፍ ከመነሳቷ በፊት 20 ግራም ልትደርስ ትችላለች። ወፏን የያዘ ባለሙያ የሆዷን ላባ እፍ ብሎ ሲገልጥ ቢጫ ስቡ ከስስ ቆዳዋ ሥር ይታያል።

ከእኛ የሚነሱት አብዛኞቹ ይህን ስብ የሚያከማቹት በየካቲትና በመጋቢት ነው፤ የበልግ ዝናብ ከጣለ ነፍሳት ይበዙላቸዋል። በእነዚህ ሳምንታት ሳያስፈልግ በረበሽናቸው ቁጥር የሰበሰቡትን ያባክናሉ። የግቢ መብራትም ነገር አለ፤ ወደ ሰማይ የሚበራ ኃይለኛ መብራት ሌሊት የሚበሩትን ከመንገዳቸው ይስባል። በመስከረምና በጥቅምት፣ እንዲሁም በመጋቢትና በሚያዝያ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የማያስፈልገውን ማጥፋት ወይም ወደ መሬት ማዞር ይረዳል።

ልጅዎ ሪከርድ የምትወድ ከሆነ ይህንን ይንገሯት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ከአላስካ የተነሳ፣ ዕድሜው 5 ወር ገደማ የሆነ የባሕር ዳርቻ ወፍ ሳያርፍ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ በ11 ቀን 13,560 ኪሎ ሜትር በርሮ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ ደርሷል። ከአላስካ ተነስታ ምሥራቅ አፍሪካ የምትከርም፣ 25 ግራም የምትመዝን ሌላ ትንሽ ወፍም አለች፤ እሷ በአንድ ወገን ብቻ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች።

ከሱሉልታ፦ እረኞች እግሩ ላይ የብረት ቀለበት ያለበት የሞተ ወፍ አገኙ። ቀለበቱ ላይ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል አለ። ለማን ነው የሚነገረው? አንዳንዱ «ሰላይ ነው» እያለ አስፈራራቸው።

ሰላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ውስጥ መከታተያ የታሰረለት ሽመላ በዚሁ ጥርጣሬ ተይዞ ነበር፤ መሣሪያው ግን የጥናት ነበር። ቀለበት ማሰር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርቴንሰን ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት ለወፎች አሰረ። ከዚያ በፊት አውሮፓውያን ወፎቹ ክረምት ላይ የት እንደሚገቡ በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ አንገቱን የአፍሪካ ጦር የወጋው ሽመላ በሕይወት ተገኝቶ ነው ነገሩ መገለጥ የጀመረው፤ የሽመላው ገላ ደርቆ ከነጦሩ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ቀለበት። ወፉን በባዶ እጅ አትንኩ፤ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ቀለበቱን ዙሪያውን እያዞራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ጽሑፉ ስለሚዞር አንድ ፎቶ ሙሉውን አይዝም። ብረቱ ካለቀና ቁጥሩ ካልተነበበ ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁበት በለስላሳ እርሳስ አሹት፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፊደላቱን ከቁጥሩ ለይታችሁ አትተዉ፤ ብዙ ጊዜ የከተማ ወይም የሙዚየም ስም ናቸው፣ ለምሳሌ ሄልሲንኪ ወይም ሞስኮ። ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቀለበት ካለ በየትኛው እግር እንደሆነ፣ ከመገጣጠሚያው በላይ ይሁን በታች፣ ቀለሞቹም ከላይ ወደ ታች በምን ቅደም ተከተል እንዳሉ ጻፉ።

ብዙ መረጃ የሚበላሸው ቀን ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2017 ብላችሁ ብትልኩ ማዕከሉ ወፉ ቀለበት ሳይታሰርለት የተገኘ ሊመስለው ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ፦ «ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 18 ቀን 2025»። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእነሱ 8 ሰዓት ነው። ለቦታው በስልካችሁ ካርታ ላይ ያገኛችሁበትን ነጥብ ተጭናችሁ ያዙና የሚወጡትን ሁለት ቁጥሮች ገልብጡ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የመጀመሪያው በ8 ወይም በ9፣ ሁለተኛው በ38 ወይም በ39 ካልጀመረ ስሕተት አለ። በመጨረሻም ወፉ ትኩስ ሬሳ ነበር ወይስ የደረቀ፣ በምንስ የሞተ ይመስላል የሚለውን ጨምሩ።

ይህን ቀለበቱ ላይ ለተጻፈው ማዕከል መላክ ይቻላል። ካልሆነ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ብታደርሱት መንገዱን ያውቁታል። ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን አታውልቁ፤ አንብባችሁ ልቀቁት። ጀርባው ላይ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ካለው ሳትፈቱትና ሳትሰብሩት አስቀምጡት፤ መሣሪያው ውስጥ ያልተላከ የጉዞ መዝገብ ሊኖር ይችላል። እረኞቹን ከእኛ አመስግኑልን፤ ቀለበቱን ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው።

ከገላን፦ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ትልልቅ ንስሮች ሞተው እናገኛለን። ድንቢጥ ሽቦ ላይ ተቀምጣ ምንም አትሆንም፤ ንስሩን ምን ገደለው?

ስፋቱ ነው የገደለው። ድንቢጥ የምትነካው አንድ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል የሚሄድበት መውጫ የለውም። ንስር ግን ክንፉን ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይደርሳል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሽቦ ወይም ሽቦና ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ይነካል። አደገኛዎቹ ከፍተኛ ማስተላለፊያ ማማዎቹ ሳይሆኑ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚያልፍባቸው መካከለኛ መስመሮች ናቸው፤ በተለይ መስቀለኛው ብረት ሆኖ ሽቦዎቹ በላዩ ቀርበው ሲያልፉ፣ ወይም ትራንስፎርመር ሲኖር። ላባው ዝናብ ወይም ጤዛ ከነካው ይብሳል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ከፍ ያለ መቀመጫ ያ ምሰሶ ብቻ ነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ከሚያዩአቸው ቡናማ ንስሮች ብዙዎቹ ከካዛክስታንና ከሩሲያ የሣር ሜዳዎች የመጡ ናቸው። እነዚህ ወፎች ክንፍ እያራገቡ ሳይሆን ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር እየተንሳፈፉ ነው የሚጓዙት፤ ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይነሳ ውሃውን በጠባቡ በኩል ይሻገራሉ። በእኛ በኩል ያ ጠባብ ባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው እዚያ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ከየመን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ ተቆጥረዋል፤ ከ76 ሺህ በላይ የሆኑት እነዚሁ ንስሮች ነበሩ። ዛሬ ንስሩ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመድቧል። ያንን ሁሉ አልፎ ገላን ላይ በምሰሶ መሞቱ ያንገበግባል፤ ምክንያቱም መፍትሔው አለ።

ወደ ምሰሶው አትውጡ፤ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ወፍ በእንጨትም ቢሆን ለማውረድ አትሞክሩ። ፎቶ አንሱ፣ ምሰሶው ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ መዝግቡ፣ በተለያየ ቀን የሞተ ከአንድ በላይ መኖሩን ጻፉና ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። የሚጠየቀው ሥራ ከባድ አይደለም፦ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ያለውን ሽቦ በማይተላለፍ መሸፈኛ መጠቅለል፣ በመስቀለኛው ላይ የሚያልፈውን አገናኝ ሽቦ ወደ ሥር ማዛወር። ወፍ የሚገድል ምሰሶ መብራትም ስለሚያቋርጥ ጥያቄያችሁ ለሰፈሩም ነው። ከሁሉም ምሰሶ ሳይሆን በተደጋጋሚ ሬሳ ከሚገኝባቸው ጥቂቶቹ ይጀመር በሉ።

ከለገጣፎ፦ የቱ የርቀት መነጽር ይሻላል? የት ሄደን እንይ?

8 በ42 የሚለውን ይግዙ። 8 የማቅረቢያው መጠን ነው፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። «ዙም» ያለውን ርካሽ አይግዙ፤ ምስሉ ይጨልማል። ለዳክዬና ለዝይ በታኅሣሥና በጥር ጌፈርሳ ጥሩ ነው፤ የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ግን ጠባቂዎቹን ያስፈቅዱ። ለሜዳ ወፍና ለጭልፊት ሱሉልታ፣ ለክሬን አባ ሳሙኤል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ፀሐይዋን ወደ ጀርባዎ ያድርጉ።

ከሱሉልታ፦ ደክሞ ግቢ ውስጥ የወደቀ ወፍ ስናገኝ ምን እናብላው?

ምንም። ዳቦና ወተት ይገድለዋል፤ ውሃ በአፉ ማፍሰስም ሳንባው ይገባል። ጎኑ የተበሳሳ የጫማ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስገቡትና ክዳኑን ገጥማችሁ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀምጡት። ልጆች እየከፈቱ አይዩት። ማታ ያገኛችሁት ከሆነ እስኪነጋ ይቆይ። አፉ ቆልማማ የሆነ ትልቅ ወፍ ከሆነ መጀመሪያ ራሱን በጋቢ ሸፍኑ፤ የሚጎዳችሁ ከአፉ ይልቅ ጥፍሩ ነው። ስትለቁት ገላጣ ቦታ ላይ ካርቶኑን መሬት አስቀምጡና ክዳኑን ከፍታችሁ ራቅ በሉ። ወደ አየር አትወርውሩት፤ ክንፉ የተጎዳ ከሆነ ወድቆ ይሰበራል። ውሃ ዳር ብዙ ወፎች በአንድ ጊዜ ሞተው ካገኛችሁ ግን አንዱንም ሳትነኩ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ንገሩ፤ ዶሮዎቻችሁንም ከዚያ ውሃ አርቁ።